የላስታ ዜማ በአንድ ደቂቃ

ታኅሣሥ 29 ማለዳ ላሊበላ ቤተ ማርያም የሚቆመውን ማኅሌት ያየ ሰው ለስልክ ካሜራ ታስቦ የተሰናዳ ሊመስለው ይችላል። ካህናቱ ሁለት ወገን ሆነው ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ማሜ ጋራ በሚባለው የዐለት ጠርዝ ላይ፣ ሌላው ከታች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይቆማል። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የኖሎት፣ ማለትም የእረኞች፣ ምሳሌ ናቸው። ቤዛ ኵሉ የሚባለው ዜማ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየተመላለሰ ሲዜም በቁመት የተያዘ ስልክ ሁለቱንም ረድፍ፣ ዐለቱንም፣ ነጠላ የለበሰውንም ሕዝብ ባንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ሠላሳ ሰከንድ ይበቃዋል። ገና በመጣ ቁጥር ቲክቶክንና ፌስቡክን የሚያጥለቀልቀው ቅንጭብ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከአገሩ ውጭ ያለ ብዙ ሰው ስለ ላስታ ዜማ የሚያውቀው ይህንኑ ሠላሳ ሰከንድ ሆኗል። ላስታ ግን ሌላም አላት። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው የሚወጡበት አሸንድዬ አለ። መሰንቆውን አንግቶ ከድግስ ድግስ የሚዞር አዝማሪ አለ። ጎህ ሳይቀድ ከሰው ደጃፍ ቆመው የሚያዜሙ ላሊበሎች አሉ። ከከተማዋ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ከገደል ሥር ዋሻ ውስጥ በተሠራው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ኅዳር 3 የጻድቁ ንጉሥ መታሰቢያ ሲከበር የሚቆም ማኅሌት አለ። እነዚህ ሁሉ ወደ አጫጭር ቪዲዮ የገቡት ባንድ መንገድ አይደለም። ያገኙት ተመልካችም ያጡትም ነገር ይለያያል። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ቅንጭብ ቪዲዮ ሰውን እስከ በር ድረስ ብቻ ያደርሳል። ከበሩ ወዲያ የሚቀበለው ቦታ፣ ቀን ወይም መምህር ካለ ይገባል፤ ከሌለ አልፎ ይሄዳል።

ይህን ከሁሉ አጉልታ ያሳየችው ቻይና ናት። ኩንቹ የተባለው ጥንታዊ ኦፔራዋ በ2001፣ የቤጂንግ ኦፔራዋ በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ዘንድ እውቅና አግኝተዋል። እውቅናው ብቻውን ግን ወጣቱን አዳራሽ አላስገባውም። በ2023 እ.ኤ.አ. ሃንግዡ ከተማ ውስጥ ዩዌ በሚባለው፣ የወንዱንም ቦታ ሴቶች በሚጫወቱበት የኦፔራ ዓይነት፣ ከአንድ የታወቀ የሰይፍ ፊልም የተወሰደ ታሪክ በትንሽ ቴአትር ቤት ቀረበ። ወንድ ሆና የምትጫወተው ቸን ሊጁን ባልደረባዋን ታቅፋ የምትሽከረከርባት ጥቂት ሰከንድ ዱዪን በሚባለው የቻይናው ቲክቶክ ተሰራጨች። በዚያው ዓመት ትርኢቱ በቀጥታ ሲተላለፍ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው። ሽክርክሪቷ ድንቅ ናት። ግን እሷን አይቶ የተነሣሣ ወጣት ትኬት የሚቆርጥበት፣ በቋሚነት የሚከፈት አዳራሽ ነበር። ተዋናይቷም ከልጅነቷ ጀምሮ ጥበቡን የተማረችበት ትምህርት ቤት ነበር። ሽክርክሪቷ ከዚያ ሁሉ በኋላ የመጣች ናት።

በእኛም አገር ቢሆን ማሳጠር ዛሬ አልተጀመረም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ነበር። ሌሊቱን የሚያነጋ ጨዋታ ሸክላው በፈቀደው ልክ ተቆረጠ። ካሴት ሲመጣ ነገሩ ተንፈስ አለ። እንደ ማሪቱ ለገሰ ባሉ ድምፃውያን የተዜመው የወሎ አምባሰል በየአውቶቡሱና በየቡና ቤቱ ረዘም ብሎ የተደመጠው በካሴት ነው። ቲክቶክ በ15 ሰከንድ ጀምሮ ወደ አንድ ደቂቃ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ ሦስት፣ በዓመቱ ወደ አሥር ደቂቃ ከፍ አለ። የዩቲዩብ ሾርትስም በ2024 እ.ኤ.አ. ከአንድ ደቂቃ ወደ ሦስት አደገ። የተመልካቹ ትዕግሥት ግን አብሮ አላደገም። ሸክላ የሚቆርጠው ቦታ ሲያልቅበት ነበር፤ ስልክ የሚቆርጠው አውራ ጣት ነው።

ማኅሌት ላይ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ፤ አውራ ጣት ምን እንደሚመርጥ የሚታየው እዚያ ነውና። ሊቃውንቱ ቃሉን መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ መሣሪያ ያዜሙታል። ቀጥሎ ዝማሜ ነው፤ መቋሚያው ብቻ ወዲህና ወዲያ ይዘማል። ከዚያ ጸናጽልና ከበሮ ይገቡና በዝግታ መረግድ ይሆናል። ከበሮው ሲፈጥን ጽፋት ይባላል። መጨረሻው በጭብጨባ የሚደምቀው ቸብቸቦ ነው። ከቁሙ እስከ ቸብቸቦው ያለው ጉዞ ሌሊቱን ይፈጃል፤ የጽፋቱም ደስታ የሚገኘው ዝማሜውን በትዕግሥት ቆሞ ላሳለፈ ሰው ነው። ስልኮች ከየኪሱ የሚወጡት ግን ከበሮው ሲፈጥን ነው። በቅንጭብ ብቻ ማኅሌትን ያወቀ ወጣት ነገሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዝላይና እልልታ ይመስለዋል። ሌሊት ሄዶ ቁም ዜማው ላይ ሲደርስ ይከብደዋል፤ አንዳንዱም ሳይነጋ ይወጣል።

ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ላይ መጫን ግን ትክክል አይመስለኝም። ማሳጠርን ትምህርቱ ራሱ ያውቀዋል። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የደረሰውን ዜማ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን በቃል ሲያወርሱት ኖረዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳዘጋጁ ይነገራል። ምልክቱ ከቃሉ በላይ የሚጻፍ አንድ ሁለት ፊደል ነው፤ ፊደሉ ከሌላ የታወቀ ቃል ተቆንጥሮ የመጣ ሲሆን የዚያን ቃል ዜማ በሙሉ ያስታውሳል። ለተማረ ሰው ሁለት ፊደል አንድ ሙሉ ሐረግ ዜማ ነው፤ ላልተማረ ምንም አይደለም። አንድ ደቂቃ ቪዲዮም እንዲሁ ነው። ካልጋሪ ወይም ፍራንክፈርት ውስጥ ለሚያገለግል፣ በልጅነቱ ከድጓ ቤት ያለፈ ዲያቆን ከላሊበላ የተላከች ቅንጭብ የረሳውን ሁሉ ትመልስለታለች። ከድጓ ቤት ላላለፈ ሰው የሚያምር ድምፅና የሚያምር ልብስ ናት።

ከሁሉ ያነሰ ተመልካች ያገኘው ቅኔ ነው። ከላስታ ጎረቤት ያለችው ዋድላ በቅኔ ቤቷ ስሟ የታወቀ ነው። ቅኔ ለዕለቱ ተዘርፎ የማይደገም በመሆኑ ቪዲዮ ትልቅ ውለታ ሊውልለት ይችል ነበር፤ አለዚያ አየር ላይ ይቀራል። ዳሩ ግን ግዕዙን ለማያውቅ፣ ሰምና ወርቁን የሚፈታለት ለሌለው ሰው ባለ ቅኔው ቆሞ ሲናገር ማየት ምን ይሰጠዋል? እንቅስቃሴ የለው፣ ከበሮ የለው። አንዳንድ መምህራን ቅኔውን አሰምተው ወዲያው በአማርኛ ሲፈቱት አይቻለሁ። ዕይታው ብዙ ባይሆንም በሥሩ የሚቀርበው ጥያቄ ረዘም ያለና የሚያከራክር ነው። ካየሁት ሁሉ ጤናማው ይህ ይመስለኛል።

አሸንድዬ ደግሞ ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ጾመ ፍልሰታ ተፈትቶ ነሐሴ 16 ሲጠባ ልጃገረዶች ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ አሸንድዬ የሚባለውን ረጅም ሣር ከወገባቸው አስረው ይወጣሉ። ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ይሉታል። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ የሚወረወረው ስንኝ አጭር ነው፤ ከበሮው ቶሎ ይይዛል፤ ወገብ ላይ ያለው ሣር ከእስክስታው ጋር ይወዛወዛል። አንድ ደቂቃ ውስጥ የማይገባ ነገር የለውም። ከማኅሌት በተለየ ማንም ሳያጎድለው ሊቆረጥ ይችላል፤ እያንዳንዱ ዙር በራሱ ሙሉ ነውና። የፈቃዱም ጉዳይ ቀላል ነው፤ ቅድስት አይደለ፣ መቅደስ አይደለ፣ አደባባይ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያሉ ልጆች ሣር ቢያጡ የወረቀት ጥብጣብ አስረው ሲጨፍሩ የምናየው ለዚህ ነው። አዲስ ተመልካች ማግኘት ማለት ይህ ከሆነ ከላስታ ጨዋታዎች ሁሉ የቀናው አሸንድዬ ነው።

ግን ሲያተርፍ የከፈለውም አለ። የድሮው አሸንድዬ ቤት ለቤት ነበር። ልጃገረዶቹ ቤተ ክርስቲያን ከተሳለሙ በኋላ ደጅ ላይ ቆመው የባለቤቱን ስም እየጠሩ ያሞግሱታል፤ ንፉግ ከሆነም በስንኝ ይወጉታል። ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደነፈገ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደዘገየ መንደሩ በዚያ ግጥም ይሰማ ነበር። ካሜራ የሚወደው መድረክና አደባባይ ነው፤ መቶ ልጃገረድ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሳ በሰልፍ ስትጨፍር ድሮን ከላይ ያነሣታል። በሰልፉ ላይ ግን የሚጠራ የሰው ስም የለም። ግጥሙ የማንንም ደጅ ስለማያውቅ ለሁሉም የሚሆን፣ ማንንም የማይነካ ይሆናል። ሹል ስንኝ የምታውቀው ልጅ ከኋላ ትቀራለች፤ ከፊት የምትቆመው ለካሜራ የምታምረው ናት። በዓሉ የማን ነው የሚለው የኮሜንት ጭቅጭቅ በየዓመቱ ይነሣል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ይልቅ የዚያ ስል ግጥም ነገር ነው። የሰሜኑ ደጋ ሴት ልጅ በአደባባይ ሰውን በስሙ ጠርታ የምትናገርበት ቀን በዓመት ብዙ አልነበረም።

አዝማሪው ከሁሉም በቀላሉ ተላመደ። ነገሩ ለብዙዎች ያስገርማል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ግን የሚያስገርም አይደለም። የአዝማሪ ሥራ ድሮም ከተመልካቹ ጋር መመላለስ ነው። አንዱ ግጥም ያቀብላል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ይደግመዋል፣ ሌላው ብር ከግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፣ እሱም የሸላሚውን ስም አንሥቶ ያወድሰዋል። የቲክቶክ ላይቭ ይህንኑ ሥርዓት ሳያውቀው ደግሞታል። ተመልካቹ ግጥሙን በኮሜንት ያቀብላል፤ ጽጌረዳውንና አንበሳውን ይልካል፤ ዘፋኙ ከስክሪኑ ላይ ስሙን አንብቦ ያመሰግነዋል። ቻይና ውስጥም የኦፔራ ተጫዋቾች በላይቭ ስጦታ ይቀበላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ቅርጹን አዲስ ይማሩታል። ለእኛው አዝማሪ ቅርጹ የገዛ ቤቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ አካባቢው ይታወቅባቸው የነበሩ የአዝማሪ ቤቶችም አብረው መሄዳቸውን ለሚያስብ ሰው፣ ይህ መላመድ የቅንጦት ነገር አይደለም። ልዩነቱ አንድ ነው። ድሮ ሸላሚው ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ አዝማሪው ፊቱን አንብቦ እያሞገሰ በሰም ውስጥ ወርቅ አስገብቶ ይወጋው ነበር። ላይቭ ላይ የሚያየው የተጠቃሚ ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ሙገሳው ተረፈ፣ ወጉ ቀነሰ።

አስቸጋሪው የላሊበሎች ጉዳይ ነው። አሚና የሚሏቸውም አሉ። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፣ ሰው ሳይነሣ፣ ደጅ ላይ ቆመው ያዜማሉ፣ ይመርቃሉ፣ ምጽዋት ይቀበላሉ። የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ወይም ከመንገደኛ ቀድመው ጠይቀው በዜማቸው ውስጥ ያስገቡታል። ካላዜሙ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚል እምነት ስለሚነገርባቸው ኅብረተሰቡ ድምፃቸውን እየወደደ እነሱን ሲያርቅ ኖሯል። በጨለማ የሚመጡት፣ ሳይነጋ የሚሄዱት ለዚህ ነው ይባላል። ኬይ ኮፍማን ሸለመይ የተባሉት የሙዚቃ ተመራማሪ በ1982 እ.ኤ.አ. ስለ እነሱ ዜማ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አሳትመዋል። አሁን ደግሞ ከመስኮት፣ ከበር ሥር፣ አንዳንዴም የእጅ ባትሪ ፊታቸው ላይ በርቶባቸው ይቀረጻሉ። ድምፁ ድንቅ ነው፤ የሴቲቱ ከፍ ያለ አወጣጥና የሰውየው ዝቅ ያለ አቀባበል የጠዋት እንቅልፍ የሚያስረሳ ነው። ቪዲዮውን የሚያዩት ብዙዎች ከልባቸው ይመርቁላቸዋል። ሆኖም ፊቱን ላለማሳየት ጨለማን መርጦ የኖረ ሰው ፊቱ ያለ ፈቃዱ ለሺዎች ሲታይ ይህን አዲስ ተመልካች አገኘ ልንል አንችልም። ገንዘቡም ለቀራጩ እንጂ ለእነሱ አይደርስም። ዜማቸው ከዚያ ቤት ስም ጋር የተሠራ ስለሆነ ከዚያ ደጅ ሲወጣ ግማሹ ይጠፋል። በኔ ግምት ከላስታና ከወሎ ጥበብ ሁሉ ቪዲዮ ከሰጠው የበለጠ የወሰደበት ይህ ነው። ድምፃቸውን ብቻ፣ በፈቃዳቸው፣ ፊታቸው ሳይታይ የሚቀርጽ ሰው ቢኖር ነገሩ ሌላ በሆነ።

ይህ ሁሉ ሲባል ተመልካቹ የት እንዳለ መርሳት የለብንም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ደርሶ ከተማዋ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ውዝግብ ጊዜ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በአገሪቱ በሙሉ ተገድበዋል። ያ ገደብ ከተነሣ ወር ሳይሞላ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተዘጋ። ስለዚህ የላስታ ዜማ በዓለም ላይ ሲዞር ላስታ ራሷ ያላየችባቸው ዓመታት አሉ። አዲስ አበባና አሜሪካ ያለው ተመልካች የሚወደውን መርጦ ሼር ያደርጋል፤ የሚታየው የእሱ ምርጫ ነው። የአምናው ቅንጭብ የዘንድሮ መስሎ ቢዞር፣ የዋግ ጨዋታ የላስታ ተብሎ ቢጻፍበት፣ ከቦታው ሆኖ የሚያርም አይኖርም።

የነአኩቶ ለአብ ነገር ይህንኑ በትንሹ ያሳያል። ከአየር ማረፊያው መንገድ ብዙም ስለማይርቅ ጎብኚ አያጣውም። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል፣ ጠበሉን የሚቀበሉት የድንጋይ ገበቴዎች፣ ካህኑ አውጥተው የሚያሳዩት ጥንታዊ መስቀልና ብራና ለስልክ የተመቹ ናቸው። ከዚያ የሚወጣው ቪዲዮ በብዛት ይህ ነው፤ ዕቃው ይታያል፣ ዜማው አይሰማም። ኅዳር 3 ሌሊት የሚቆመውን ማኅሌት የሚፈልግ ሰው በቀላሉ አያገኘውም፤ ቢያገኝም ከሥሩ ላሊበላ ተብሎ ይጻፍበታል። ቦታው ማሜ ጋራ የለውም፤ ዝናው ወደ ትልቁ ስም ተጠቃለለ።

በተቃራኒው ጥሩ እየሠራ ያለው ብዙ ጫጫታ የሌለው ነገር ነው። በቴሌግራም የሚሰራጩ የቅዳሴና የወረብ ድምፆች፣ መምህሩ ሐረጉን ከፋፍሎ እየደጋገመ የሚያስጠናባቸው ረጃጅም የዩቲዩብ ትምህርቶች በውጭ አገር ላሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶች እንደ መማሪያ ሆነዋል። ልጁ መጀመሪያ በቅንጭብ ይማረካል፤ ከሥሩ ያለውን ረጅሙን ይከፍታል፤ በዓል ሲደርስ ደብሩ ውስጥ ካለው መሪጌታ ፊት ቆሞ ይታረማል። ሦስቱም ሲገናኙ ነገሩ ይሠራል። የአብነት ተማሪው ቁራሽ ለምኖ እያደረ ድጓውን፣ ጾመ ድጓውንና ምዕራፉን ለዓመታት የሚማርበትን ጎጆ የሚተካ ግን የለም፤ ተክቻለሁ የሚልም አልገጠመኝም።

የጎደለውና ሊሟላ የሚችለው ነገር ቀላል ነው፤ ከቪዲዮው ሥር ስም መጻፍ። ማን አወጣ፣ የትኛው ደብር፣ የየትኛው ቤት አቋቋም ነው፣ ላይ ቤት ነው ታች ቤት ወይስ ተክሌ፣ መቼ፣ ለየትኛው በዓል? ለአሸንድዬም፣ ስንኙን ያወጣችው ልጅ የየት መንደር ናት? አንድ መስመር አይሞላም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኞችም መብት ይሰጣል፤ ግን ማንነታቸው ያልተጻፈ ከዋኞች መብታቸውን በምን ያስረዳሉ? የአንድ ድምፃዊ ዘፈን ያለ ፈቃድ ሲለቀቅ አቤት የሚል አለ። የአንዲት የላስታ ልጅ ስንኝ በሌላ ሰው ቪዲዮ ላይ እንደ ማጀቢያ ተደርጎ ሲደጋገም ግን እሷም አትሰማም፣ ወላጆቿም የት ሄደው እንደሚከሱ አያውቁም። ለአሁኑ ፈቃድና ስም የሚጠይቀው ቀራጩ ራሱ ነው። ላሊበላ ውስጥ ስልኩን ዝቅ አድርጎ መጀመሪያ የሚጠይቅ ወጣት እየታየ ነው፤ አብዛኞቹ እዚያው የተወለዱ አስጎብኚዎች ናቸው።